ከወሎ ሰማይ ሥር፦ ስለ ፕላኔቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማታ ቴሌስኮፕ ተክሎ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጠያቂ አያጣም። ተማሪው «ቲቸር፣ ያ ምንድን ነው?» ይላል። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ይጠጋል። ከመስጊድ የሚመለሱ አባት ቆም ብለው «ደሞ ምን ታያለህ ልጄ?» ይላሉ። እዚህ የመለስኳቸው ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ላይ ደጋግመው የመጡልኝን ነው። የፈረንጅ ዓመት ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ነው።

የአጥቢያ ኮከብ እውነት ኮከብ ነው?

አይደለም። ቬነስ ናት፤ ፕላኔት። ለሱብሒ ሶላት ወይም ለኪዳን ማልዶ የሚወጣ ሁሉ አይቷታል። የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ነው የምትመልስልን። ዙሪያዋን የሸፈናት ደመና ከሚደርሰው ብርሃን ሦስት አራተኛ ያህሉን መልሶ ይልካል። በሌሊት ሰማይ ላይ ከጨረቃ ቀጥሎ እንደ እሷ የሚያበራ የለም።

ብዙ ሰው የሚገርመው፣ ፀሐይ ስትገባ በምዕራብ በኩል ቦግ ብላ የምትታየውም እሷው ራሷ መሆኗ ነው። ጥቂት ወራት የጠዋት፣ ጥቂት ወራት የማታ ትሆናለች። በመሃል ፀሐይ ጋ ተጠግታ ትሰወራለች። ጠቅላላ ዙሩ 584 ቀን ይፈጃል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ግን እዚህ ሆኖ ያያት የለም። ምህዋሯ ከእኛ ምህዋር ወደ ውስጥ ስለሆነ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ብዙም አትርቅም። እኩለ ሌሊት ላይ አናታችሁ ላይ የሚያበራ ትልቅ ነገር ካያችሁ ጁፒተር ሊሆን ይችላል፤ ቬነስ አይደለችም።

በትንሽ ቴሌስኮፕ ስትታይ እንደ ጨረቃ ትጎድላለች፣ ትሞላለች። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ይህን አየ። ቬነስ የምትዞረው መሬትን ሳይሆን ፀሐይን ነው ለሚለው ሐሳብ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ።

ታዲያ ፕላኔትን ከኮከብ በምን ልለየው?

በብልጭታው ጀምሩ። ኮከብ በጣም ሩቅ ስለሆነ ከነጥብ አይበልጥም። አየሩ በተናወጠ ቁጥር ብርሃኑ ይርገበገባል። ፕላኔት ቅርብ ነው፤ ትንሽም ብትሆን ስፋት አለው። ስለዚህ ረጋ ብሎ ያበራል። ከተራራ ጀርባ ገና ብቅ ሲል ግን ፕላኔትም ይርገበገባልና ከፍ እስኪል ጠብቁት።

ሁለተኛው መለያ መንገዱ ነው። ፕላኔቶች የሚገኙት ፀሐይና ጨረቃ በሚሄዱበት መስመር አካባቢ ነው። በስተሰሜን ዝቅ ብሎ የሚያበራ ነገር ፕላኔት ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው ትዕግሥት ይፈልጋል። የጠረጠራችሁትን ነጥብ ከጎረቤት ከዋክብቱ ጋር ደብተር ላይ ሣሉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግማችሁ እዩት። ቦታ ከለወጠ ፕላኔት ነው። ጥንታውያኑ የለዩአቸውም በዚሁ ነው፤ ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም።

ከወሎ ሆኜ የትኞቹን ማየት እችላለሁ? መቼስ?

አምስቱን፦ ሜርኩሪን፣ ቬነስን፣ ማርስን፣ ጁፒተርንና ሳተርንን። በባዶ ዓይን ይታያሉ። ዩራነስ ለጥሩ ዓይን፣ ለጥቁር ሰማይ፣ ያለበትንም ቦታ በትክክል ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ኔፕቱን ያለ መሣሪያ አይሞከርም።

እዚህ ላይ ወሎ ዕድለኛ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። የፕላኔቶቹ መንገድ በአናታችን አካባቢ ያልፋል። ሩቅ ሰሜን፣ ስዊድን ውስጥ ስቶክሆልም ያለ ሰው በአንዳንድ ዓመታት ሳተርንን የሚያየው ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ነው። ፀሐይን የማይለቀው ሜርኩሪም ለእኛ ይቀናናል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚቆም ለማየት ጊዜ ይሰጣል።

የእኛ ችግር ደመና ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ተስፋ ቁረጡ። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ በልግ ሲገባ ሰማዩ እንደገና ይደበዝዛል። ደሴ ውስጥ ከመንገድ መብራቱ ይልቅ ጉሙ ነው የሚያስቸግረው። ሐይቅ ዳር፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ቆቦ ሜዳ ላይ ወይም ባቲ አካባቢ ሰማዩ ሌላ ነው። ደጋው ላይ ጋቢ ያዙ፤ ቆሞ መጠበቅ ያበርዳል።

ቀጠሮ ለሚፈልግ ሰው፦ ሳተርን በመስከረም 2019 መጨረሻ ሳምንት ከፀሐይ ትክክለኛ ተቃራኒ ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይታያል። ጁፒተር የካቲት 4 ቀን 2019 አካባቢ፣ ማርስ ደግሞ የካቲት 12 አካባቢ ተራቸው ይደርሳል። ሁለቱም አንድ ሰፈር፣ አሰድ (ሊዮ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ይሆናሉ። ማርስ ወደ እኛ የሚጠጋው በየ26 ወሩ ገደማ ነው። የ2019ኙ ግን ከደካሞቹ አንዱ ነው፤ ወደ 100 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 እስከ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ ነበር።

ስንት ናቸው? ፕሉቶስ የት ገባ?

ስምንት። ከፀሐይ ጀምሮ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቱን። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ድንጋያማ ናቸው። ጁፒተርና ሳተርን የጋዝ ግዙፎች፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ የበረዶ ግዙፎች ይባላሉ።

እኛ ስንማር ዘጠኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘው ፕሉቶ ለ76 ዓመት ዘጠነኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያ እሱን የሚያክል ኤሪስ የሚባል አካል ተገኘ። አሥረኛ እንበለው ወይስ ደንብ እናውጣ? ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ፕራግ ላይ ሦስት መስፈርት አወጣ። ፀሐይን መዞር፣ በራሱ ስበት ድቡልቡል መሆን፣ የምህዋሩን አካባቢ ከሌሎች አካላት ጠርጎ መያዝ። ፕሉቶ ሦስተኛው ላይ ወደቀ፤ አሁን ድንክ ፕላኔት ይባላል። በውሳኔው እስካሁን የማይስማሙ ተመራማሪዎች አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርክሩ ከሚገባው በላይ ጊዜ በልቷል። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 በአጠገቡ ስታልፍ የናይትሮጅን በረዶ ሜዳና የውሃ በረዶ ተራሮች አሳየችን። እሱ ነው የሚያስደንቀው።

ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲባል ይጠፋብኛል። ቀለል ያለ ማነጻጸሪያ የለህም?

የደሴ–ወልድያ መንገድ አለልን፤ 120 ኪሎ ሜትር። ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደ 4 ኪሎ ሜትር እናሳንሰው። ፀሐይን ደሴ ፒያሳ ላይ እናስቀምጣት፤ 37 ሜትር ስፋት ይኖራታል። ወደ ሰሜን እንንዳ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ ሜርኩሪ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሲል ቬነስ። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መሬት፣ ከነተራራዋ ከነውቅያኖሷ 34 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆና። ስድስተኛው ላይ ማርስ፣ የእኛን ግማሽ አክሎ። ድንጋያማዎቹ አራቱ አለቁ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ባዶ ነው። ጁፒተር 21ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሐይቅ ከተማ ሳንደርስ፣ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይዞ ይቆማል። ሳተርን 38ኛው ላይ ነው፤ ሐይቅን አልፈናል። ዩራነስ 77ኛው ላይ፣ ውጫሌን ትተን መርሳ ሳንገባ። ኔፕቱን ወልድያ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የብርሃን ነገር ነው። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ከእሱ የሚፈጥን የለም። በእኛ መንገድ ላይ ግን ከፒያሳ ተነሥቶ 4 ኪሎ ሜትሯን ለመጨረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ወልድያ የሚደርሰው ከአራት ሰዓት በላይ ሄዶ ነው። ከመናኸሪያ አብሮት የወጣ ሚኒባስ፣ መንገድ ላይ ካልተበላሸ፣ ይቀድመዋል። ቀጣዩ ኮከብስ? ፕሮክሲማ ሴንታውሪ በዚሁ ልኬት ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እውነተኛዋ ጨረቃ ካለችበት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ፕላኔቶቹ ትከሻ ለትከሻ የሚሣሉት ገጹ ስለማይበቃ ብቻ ነው።

ለፀሐይ የሚቀርበው ሜርኩሪ ነው። ታዲያ ቬነስ ለምን በሙቀት ትበልጣለች?

ሜርኩሪ ከባቢ አየር የለውም ማለት ይቻላል። ቀን እስከ 430 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይግላል፤ ሌሊት ሙቀቱን የሚይዝለት ስለሌለ ከዜሮ በታች 180 ድረስ ይወርዳል። ፀሐይ አጠገብ ሆኖ እንኳ ዋልታዎቹ ላይ፣ ጨረር በማይደርስባቸው ጉድጓዶች ውስጥ፣ የውሃ በረዶ አለው።

ቬነስ ሌላ ነገር ናት። አየሯ 96 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በጣም ወፍራም። የገባ ሙቀት አይወጣም። ቀንም ሌሊትም፣ ወገቧም ዋልታዋም 465 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርሳስ የሚቀልጠው 327 ላይ መሆኑን አስቡ። የአየሩ ግፊት ከእኛ 90 እጥፍ ይበልጣል፤ ደመናዋ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የሶቪየቷ ቬኔራ 13 እ.ኤ.አ. በ1982 አርፋ ለ127 ደቂቃ ሠራች። እዚያ መሬት ላይ ከዚያ በላይ የቆየ መሣሪያ የለም። መጠኗ ግን ከእኛ ጋር እኩል ለእኩል ነው። ቬነስን ያየ ሰው ስለ መሬት ሙቀት መጨመር ሲወራ ዝም ብሎ አያልፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቬነስ በራሷ ዙሪያ አንዴ ለመዞር 243 ቀን ትወስዳለች፤ ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ይበቃታል። የምትሽከረከረውም በተቃራኒው ነው። እዚያ ፀሐይ የምትወጣው በምዕራብ ነው።

የወሎ ተራሮችን የመሰለ ሌላ ፕላኔት ላይ አለ?

አለ፤ ዐለቱም ዘመድ ነው። አምባሰልም፣ መቅደላም፣ ጦሳም እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሬት ስንጥቆች ላቫ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው አምባ ሠራ። ገደሉ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው የፍሰቱ ንጣፍ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉትም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዋናው ዐለት ባዛልት ይባላል። ጨረቃ ላይ ጠቆር ብለው የሚታዩት ሜዳዎች ባዛልት ናቸው። የማርስ ሜዳዎችም፣ አብዛኛው የቬነስ ገጽም እንደዚያው።

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ማርስ ላይ ያለው ኦሊምፐስ ሞንስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታና 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የኤቨረስት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ሁለት ምክንያት አለው። የማርስ ስበት የእኛን 38 በመቶ ብቻ ስለሆነ ክምሩ በራሱ ክብደት ቶሎ አይሰምጥም። ደግሞ የማርስ ቅርፊት እንደ እኛ አይንሸራተትም፤ ላቫው ለብዙ ዘመን አንድ ቦታ ላይ ተከመረ። በእኛ መሬት ላይ ቅርፊቱ ተከፋፍሎ ይንቀሳቀሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርዱ የምታዩት ቁልቁለት መሬት ስትለያይ የቀረ ጠርዝ ነው። በሌሎቹ ፕላኔቶች እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ዛሬ አይታይም።

በእሳተ ገሞራ ብዛት ግን የሚያሸንፈው ፕላኔት አይደለም። የጁፒተር ጨረቃ አዮ ናት። ከ400 በላይ የሚነድዱ አሏት።

የደላንታ ኦፓል ማርስ ላይ አለ የሚባለው እውነት ነው?

ነገሩ እውነት አለው፤ ግን ቀስ እንበል። ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ ያለው ኦፓል ገበያ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ናሳ ማርስን የምትዞር መንኮራኩሩ ሰፊ አካባቢዎች ላይ ኦፓል የመሰለ ማዕድን ማየቷን አስታወቀ። ሁለቱ ዜናዎች አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኙም፤ መገጣጠማቸው ግን ደስ ይለኛል።

ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካውን ያሟሟል፤ ሌላ ቦታ ወስዶ ያስቀምጠዋል፤ ጥቂት ውሃ ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ማርስ ላይ ኦፓል መገኘቱ ለሳይንቲስቶች የጌጥ ጉዳይ አይደለም። እዚያ ውሃ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ እንደነበር ምስክር ነው። ኩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ ሮቦትም በዐለት ስንጥቆች ዳር ኦፓል አግኝቷል። ቀለም የሚረጨው፣ ደላንታ ውስጥ ወጣቱ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆፍረው ዓይነት ግን ሌላ ነገር ነው። በውስጡ ያሉት የሲሊካ ቅንጣቶች መጠናቸው እኩል ሆኖ በሥርዓት መደርደር አለባቸው። ከማርስ የሚያስመጣ ነጋዴ አይመጣባችሁም፤ አብሽሩ።

ማርስ ላይ ሕይወት አለ?

እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዛሬ ማርስ ቀዝቃዛ ደረቅ በረሃ ነው። የአየሩ ግፊት የእኛን አንድ በመቶ አይሞላም። ቅላቱ ዝገት ነው፤ አፈሩ ብረት አለው። ድሮ ግን ወንዝ ይፈስበት፣ ሐይቅ ይተኛበት ነበር። ፐርሲቪራንስ የተባለው ተሽከርካሪ ሮቦት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ያረፈው ጄዜሮ በሚባል የደረቀ ሐይቅ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎቹ «የነብር ነጠብጣብ» ያሉት ምልክት ያለበት ዐለት አገኘ። መሬት ላይ እንዲህ ያለው ምልክት ከጥቃቅን ሕዋሳት ሥራ ጋር ይያያዛል። ያለ ሕይወትም ሊፈጠር ስለሚችል ጉዳዩ ገና አልተዘጋም።

ጎረቤታችን አፋር የዚህ ክርክር አካል ናት። ዳሎል ላይ ያለው የፈላ፣ ጨዋማና አሲዳማ ውሃ ሕይወት እስከ ምን ድረስ ይችላል ለሚለው ጥያቄ መፈተኛ ቦታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ሁለት ጥናቶች ተቃራኒ ነገር ተናገሩ። አንደኛው እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ አለ። ሌላው በጣም አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ነገር የለም አለ። መኪና በሚገባበት ቦታ እንዲህ ካከራከረ፣ በሮቦት እጅ ማርስ ላይ መፈለግ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ነው።

ጁፒተር ላይ ብንወርድ የት እንቆማለን?

የትም። መሬት የለውም። ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እየጠበቀ፣ እየጋለ ይሄዳል። የመሬትን 318 እጥፍ ይመዝናል፤ የሌሎቹን ፕላኔቶች ሁሉ ክብደት ደምረን እጥፍ ብናደርገው እንኳ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ይዞ ግን ከአሥር ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንዴ ይሽከረከራል። ከመፍጠኑ የተነሣ ወገቡ ሰፍቷል። ታላቁ ቀይ ነጥብ የሚባለው ማዕበል መሬትን ይውጣል።

እኔ ግን ሁልጊዜ የማሳየው ጨረቃዎቹን ነው። ተራ ባይኖኩላር ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ብታነጣጥሩ እስከ አራት ነጥቦች በመስመር ታያላችሁ። በማግሥቱ ቦታ ቀያይረው ይጠብቋችኋል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያያቸው እነዚሁ ናቸው። አንደኛዋ ዩሮፓ ከበረዶዋ ሥር ውቅያኖስ እንዳላት በብዙ ማስረጃ ይታመናል። ዩሮፓ ክሊፐር የምትባል መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ወደዚያ ተነሥታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2030 ትደርሳለች።

የሳተርን ቀለበት በቴሌስኮፕ በእርግጥ ይታያል?

ይታያል። 30 እጥፍ አካባቢ የሚያጎላ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ ሌንሱ ላይ ሥዕል የተለጠፈ ይመስለዋል፤ ዞሮ ፊቱን የሚፈትሽም አጋጥሞኛል። ቀለበቱ አንድ ጠጣር ነገር አይደለም። ከአቧራ እስከ ቤት የሚያክሉ የውሃ በረዶ ቁርጥራጮች ናቸው። ዳር እስከ ዳር 280 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ውፍረቱ ግን በአብዛኛው ቦታ አሥር፣ ሃያ ሜትር ቢሆን ነው። ለዚህ ነው ጠርዙ ወደ እኛ ሲዞር የሚጠፋው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 እንደዚያ ሆኖ ነበር። አሁን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተከፈተ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2032 ያምራል።

ሳተርን በጨረቃ ብዛትም አንደኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የታወቁት 274 ደርሰዋል። ትልቋ ታይታን ወፍራም አየር አላት። ዝናብም አላት፤ የሚዘንበው ግን ፈሳሽ ሚቴን ነው። ሁይገንስ የተባለች መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥር 2005 አርፋባታለች።

ዩራነስና ኔፕቱንስ?

ስለ እነሱ የምናውቀው ጥቂት ነው። አጠገባቸው የደረሰች መንኮራኩር አንድ ብቻ ናት፤ ቮየጀር 2፣ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1989። ዩራነስ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚዞረው። በ84 ዓመቱ ጉዞ አንዱ ዋልታ 42 ዓመት ፀሐይ ያያል፣ 42 ዓመት ይጨልማል። ኔፕቱን መጀመሪያ የተገኘው በወረቀት ነው። ፈረንሳዊው ለ ቬሪየ በሒሳብ ቦታውን ነገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1846 በርሊን ላይ በመጀመሪያው ሌሊት ፍለጋ ተገኘ። ለሒሳብ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ታሪክ የለኝም።

ፕላኔቶች ሲሰለፉ መሬት ይንቀጠቀጣል?

አይንቀጠቀጥም። ይህ ጥያቄ የበዛው በ2017 ጥር ነው። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ቬነስ፣ ሳተርን፣ ጁፒተርና ማርስ ማታ ማታ አንድ ላይ ይታዩ ነበር። ቴሌግራምና ቲክቶክ ሁለቱን አጋቡ። ሰው መፍራቱ አይፈረድበትም፤ ሁለቱንም በዓይኑ አይቷል።

ቁጥሩን እንይ። ቬነስ በጣም ቀርባን እንኳ መሬትን የምትጎትትበት የማዕበል ኃይል (ባሕርን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት ጉተታ) ከጨረቃ ጋር ሲነጻጸር ከአሥር ሺህ አንድ አይሞላም። ጨረቃ በየቀኑ ትጎትተናለች፤ ቤታችን አልፈረሰም። የአዋሹ መንስኤ ከሥር ነው። ቅልጥ ዐለት በስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ ውስጥ እየገፋ ነበር። ወሎም የዚህ ሸለቆ ጎረቤት ነው። በ1953 ማጀቴን ያፈረሰውንና ካራቆሬን የጎዳውን ርዕደ መሬት የሚያስታውሱ አባቶች አሉ። የሚያዋጣው ሰማይ ማየት ሳይሆን የቤትን ግድግዳና ማገር ማጠንከር ነው።

ኮከቤ ምንድን ነው? ትነግረኛለህ?

አልችልም። እኔ የማውቀው ጁፒተር ነገ ማታ የት እንደሚሆን ነው፤ እናንተ የት እንደምትሆኑ አላውቅም። ባሕረ ሐሳብን ከኮከብ ቆጠራ ጋር የሚቀላቅልም አለ። ባሕረ ሐሳብ ግን የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቆጥሮ በዓልና ጾም የሚያወጣ ሒሳብ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

«ቡና» የሚባል ኮከብ አለ ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ በዙሪያው የሚሄደውን ፕላኔት አቦል አለችው። ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ በባይኖኩላር ይሞከራል። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ የጋዝ ፕላኔት ነው። ዓመቱ የእኛን ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሌላ ፕላኔት ቢገኝለት ቶና መባሉን ወሎ ውስጥ የሚከራከር አይኖርም።

ቴሌስኮፕ ልግዛ?

አትቸኩሉ። ርካሽ ሆኖ «500 እጥፍ ያጎላል» የተባለ ቴሌስኮፕ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ተስፋ ያስቆርጣል። መጀመሪያ ስቴላሪየም የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ያላችሁበትን ቦታ ካስገባችሁለት የትኛው ነጥብ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ቀጥሎ 10 በ50 የሚባለው ባይኖኩላር። ቴሌስኮፕ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም በማጉላቱ ሳይሆን በሌንሱ ስፋትና በእግሩ ጥንካሬ ምረጡ።

በየትኛውም መሣሪያ ፀሐይን እንዳታዩ። ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሲሆን በራጅ ፊልም ያዩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ራጅ አይከላከልም። ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል። ቀጣዩ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ጅዳና መካ ሙሉ ግርዶሽ ውስጥ ይገባሉ፤ ከወሎ ደግሞ በከፊል ይታያል። ክረምት ነውና ደመናው ከፈቀደ።